ቢበዛስ? ባይኖርስ? የፋብሪካ አደጋን ቀድሞ ስለማየት

በአዲስ አበባ ለቡ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው መኖሪያ ቤቱና ባቡር ጣቢያው ነው። ነገር ግን በለቡና በዙሪያው ባሉት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ከመኖሪያ ቤት ጎን እህል የሚፈጭ፣ እንጨት የሚሰነጥቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና የሚያመርት ሞልቷል። ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ፦ ንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ፣ መካኒሳ አልኮል ፋብሪካ፣ በሰበታ በኩል ቢራና ጨርቃ ጨርቅ፣ በአቃቂ ቃሊቲ የነዳጅ ዴፖና የቆዳ ፋብሪካ።

አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ጥሬ ዕቃ ያስገባሉ፤ ያሞቃሉ፣ ይቀላቅላሉ ወይም ያጣራሉ፤ ሌላ ነገር አድርገው ያወጣሉ። ባለሙያዎች ይህን የፕሮሰስ ኢንዱስትሪ ይሉታል። አደጋውም ከሌላው ሥራ ለየት ይላል። ማሽኑ እጅ ሊይዝ መቻሉ እንዳለ ሆኖ፣ በቧንቧና በታንክ ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ሊፈነዳ፣ ሊቃጠል ወይም ሊመርዝ ይችላል። ያ ደግሞ በግቢ አጥር አይቆምም።

ስለዚህ የሚከተለው ማብራሪያ እንዲህ ባለ ቦታ ለሚሠራና ለሚያሠራ ሰው ነው፤ አጠገቡ ለሚኖርም እንዲሁ።

አደገኛ ነገርና ስጋት ይለያያሉ?

አዎ፣ ይለያያሉ። በየግቢው በር ላይ «ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ አይተው ይሆናል። ውሻው የአደጋ ምንጭ ነው። ሰንሰለቱ ጠንካራ ከሆነ፣ በሩም ከተዘጋ፣ ውሻው ያው ውሻ ቢሆንም የመናከሱ ዕድል ትንሽ ነው። ስጋት የሚባለው እንግዲህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲታይ ነው፦ ነገሩ የመድረሱ ዕድልና ቢደርስ የሚያመጣው ጉዳት። ጽሑፉ ብቻውን ማንንም ከንክሻ እንደማያድን ልብ ይበሉ። ብዙ ድርጅቶች ግን «አደገኛ ኬሚካል» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥሩታል።

ከየት ልጀምር?

ከመጋዘን ይጀምሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይግቡና ያለውን ሁሉ ይጻፉ። ምን አለ? ስንት ሊትር ወይም ስንት ኪሎ? ከጎኑ ምን ተቀምጧል?

የመጀመሪያውን ስጋት የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በጀሪካን ነው። የዘይት ቢጫ ጀሪካን በአገራችን ለሁሉም ነገር ይሆናል፤ ለውሃ፣ ለነዳጅ፣ ለበረኪና፣ ለአሲድ። ምልክት ከሌለው ውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ፈቃድ ወጥቶ ወይም ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የኬሚካሉን ስም፣ የገባበትን ቀንና «ከዚህ ጋር አይገናኝ» የሚል መስመር ይጻፉበት። ማርከርና ፕላስተር ይበቃል።

ቀጥሎ የሸጠልዎትን አስመጪ የኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ወረቀት ይጠይቁት። ይህ ከአምራቹ የሚመጣ 16 ክፍል ያለው ሰነድ ነው። በምን እንደሚቃጠል፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚደረግ ይነግርዎታል። «የለንም» ካለዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

መጋዘን የዋዛ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቤይሩት ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የፈነዳው ፋብሪካ አልነበረም፤ የወደብ መጋዘን ነበር። በውስጡ ወደ 2,750 ቶን የሚጠጋ አሞኒየም ናይትሬት የሚባል፣ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚውል ኬሚካል ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። መኖሩን የሚያውቁ ባለሥልጣናት ነበሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አምስቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ ማምረቻው እንግባ። ለምሳሌ ያህል አንድ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርት ወርክሾፕ እንውሰድ። 500 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንክ አለ። በላዩ ሞተር ያለው ማማሰያ ተገጥሟል። ከቧንቧ ውሃ በጎማ ይገባል። ኮስቲክ ሶዳ ይሟሟበታል፤ ይህ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ የሚያቃጥል ነጭ ጠጣር ኬሚካል ነው። ቀጥሎ ሰልፎኒክ አሲድ ይጨመራል፤ ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ሲሆን ሳሙናው የሚያጥበው በእሱ ነው። አረፋ የሚያወጣው ቴክሳፖን፣ ጨው፣ ቀለምና ሽቶ ይከተላሉ። በዚያው ቤት ማዶ ጥግ ላይ በረኪና ይሞላል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ይሸጣል።

በእንግሊዝ አገር አይሲአይ የሚባለው የኬሚካል ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐዞፕ የተባለ ዘዴ ፈጠረ። ዛሬ በመላው ዓለም በነዳጅ ማጣሪያም በመድኃኒት ፋብሪካም ይሠራበታል። ስሙ ቢያስፈራም ሥራው ጥያቄ መጠየቅ ነው። አንድ ቧንቧ ወይም አንድ ታንክ ይመረጣል። ከዚያ፦ ቢበዛስ? ቢያንስስ? ባይኖርስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ? ሌላ ነገር ቢገባስ?

በሳሙናው ታንክ ላይ እንሞክረው።

ቢበዛስ? ኮስቲክ ሶዳው ከመጠን ካለፈ ሳሙናው የደንበኛውን እጅ ያቃጥላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከገባ ደግሞ ውሃው ድንገት ይግላል፣ ይንተከተካል፣ ይረጫል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሶዳው ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው፣ ያውም ጥቂት በጥቂት። ሶዳ ላይ ውሃ መድፋት ፊትን ያስበላል። በአሉሚኒየም ድስት ማሟሟትም እንዲሁ አይሆንም፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን እየበላ ሃይድሮጅን የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ቢያንስስ? ሶዳው ካነሰ አሲዱ ሳይመክን ይቀራል፤ ምርቱ ይበላሻል፣ የቀረው አሲድም ቆዳን ያስቆጣል።

ወደ ኋላ ቢመለስስ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። የውሃው ጎማ ጫፍ ታንኩ ውስጥ ጠልቋል እንበል። ውሃ ሄደ። በሰፈሩ መስመር ግፊቱ ሲወርድ ጎማው ታንኩ ውስጥ ያለውን ወደ ቧንቧው መልሶ ይስባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም። ሶዳ የተቀላቀለበት ውሃ በጎረቤት ቧንቧ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ምንም አያስወጣም፦ የጎማውን ጫፍ ከታንኩ አፍ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማሰር። አየር መሃል ከገባ መሳብ የለም።

ሌላ ነገር ቢገባስ? በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። ምልክት የሌለው ጀሪካን «የተረፈ ነው» ብሎ ታንክ ውስጥ የሚገለብጥ አንድ ሰው ይበቃል። ስለዚህ በረኪናና አሲድ በአንድ ክፍል አይቀመጡም። መቅጃቸውና ፈነላቸውም የተለያየ ይሁን።

ባይኖርስ? ይህ ጥያቄ የራሱ ክፍል ይገባዋል።

መብራት ሲጠፋ

ከውጭ የመጣ የደኅንነት መጽሐፍ ኃይል መቋረጥን አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አድርጎ ይጽፈዋል። ለእኛ ግን የሳምንቱ ሥራ አካል ነው። በእኔ እምነት በኢትዮጵያ ያለ ማንኛውም የፋብሪካ ስጋት ጥናት መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ወደ ታንኩ እንመለስ። ሠራተኛው አሲዱን እየጨመረ ሳለ መብራት ይጠፋል። ማማሰያው ይቆማል። አሲዱ ከባድና ወፍራም ስለሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከሶዳው ጋር ሳይዋሐድ ይከማቻል። መጨመሩን ካላቆመ ደግሞ ይብስ ይጠራቀማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ይመጣል። ማብሪያው እንደበራ ስለቀረ ማማሰያው ማንም ሳይነካው ይነሣል። በቀስታ መዋሐድ የነበረበት ሁሉ በአንዴ ይዋሐዳል፤ ይሞቃል፣ አረፋው ይገነፍላል። በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ክዳኑን ከፍቶ በዱላ እያማሰለ ቢሆንስ?

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው ሕግ ነው፦ መብራት ሲጠፋ መጨመር ይቆማል፣ ማብሪያው ይጠፋል፣ ሰው ከታንኩ ይርቃል። ሁለተኛው ዕቃ ነው፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። ሞተሩ በተራ ማብሪያ ፈንታ በኮንታክተርና በመጫኛ ቁልፍ ይነሣ። ኮንታክተር ማለት ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚለቅ፣ ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ በቀር የማይያዝ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነው። ማንኛውም የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ያውቀዋል። ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ሰው ይረሳል፣ ይደነግጣል፣ ይቸኩላል፤ ኮንታክተር ግን አይረሳም።

በቦይለር ነገሩ ይከብዳል። ቦይለር ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ የታፈነ ጋን ነው፤ በቢራ ፋብሪካ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በሆስፒታልና በትልልቅ ልብስ ማጠቢያዎች አለ። ነዳጅ የሚያነድ ከሆነ መብራት ሲጠፋ እሳቱም ይጠፋል። እንጨት ወይም የቡና ገለባ የሚያነድ ከሆነ ግን ውሃ የሚያስገባው ፓምፕ ሲቆም እሳቱ አይቆምም። ውሃው እየጎደለ ብረቱ ይግላል። ውሃው ከማያ መስታወቱ በታች ከወረደ ትልቁ ስህተት በድንጋጤ ውሃ መልቀቅ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሊትር ይሆናል። ግሎ በቀላ ብረት ላይ በድንገት ሲሆን መውጫ ያጣል። እሳቱን ያውጡ ወይም ያፍኑ፣ ይራቁ፣ እስኪበርድ ይጠብቁ። ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚተነፍሰውን ሴፍቲ ቫልቭ «ያፏጫል፣ እንፋሎት ያባክናል» ብሎ በሽቦ ማሰርማ ቦይለሩን ቦምብ ማድረግ ነው።

ጥያቄው በዛ፤ የቱን ላስቀድም?

እያንዳንዱን ስጋት በሁለት ቁጥር ይመዝኑት። ዕድሉን ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱን ከ1 እስከ 5 ይስጡና ያባዙ። ውሃ በየሳምንቱ የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ የጎማው መልሶ መሳብ ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 4፣ ብዜቱ 16 ይሆናል። ሶዳ ዓይን ውስጥ መረጨቱ 3 በ4፣ 12። በረኪናና አሲድ መቀላቀላቸው 2 በ5፣ 10። በዚህ መሠረት ነገ ጠዋት የሚሠራው የጎማው ነገር ነው።

ቁጥሩን ግን አያምልኩት። ዋናው ጥቅሙ ሰዎች ቁጭ ብለው እንዲከራከሩ ማድረጉ ነው። ጉዳቱ 5 የሆነ ነገር ዕድሉ 1 ቢሆንም ከዝርዝሩ ግርጌ አይጣልም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በየቀኑ የምናየውን አደጋ ዓይናችን ይለምደዋል፤ ዕድሉንም ዝቅ አድርገን እንሰጠዋለን። የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን ያስታውሱ። የቆሻሻው ክምር ለአሥርተ ዓመታት በሁሉም ሰው ፊት ከፍ እያለ ሄዶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ።

ግምገማው ላይ እነማን ይቀመጡ? ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ፣ ቴክኒሺያኑ፣ ኬሚስት ካለ ኬሚስቱ፣ ከሁሉም በላይ ታንኩ ላይ ሌሊት የሚሠራው ሰው። ጎማው ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንደወለቀ የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም አለቃ ባለበት ዝም ሊል ይችላልና መጀመሪያ እሱ ይናገር። ከሌላ ፋብሪካ የተገለበጠ ሰነድ በአማካሪ አሠርቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከማሳየት በቀር አይጠቅምም።

ጓንት የመጨረሻው ነው

«ጥንቃቄ አድርጉ» ሲባል ብዙ አሠሪ ጓንትና ማስክ ይገዛል። አይከፋም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል።

መጀመሪያ አደገኛውን ነገር ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የማይሸጥ አሲድ ለምን ተከማቸ? ካልሆነ በሌላ ይተኩት፤ ጠጣር ሶዳ ከማሟሟት የተሟሟውን መግዛት ይቻል ይሆናል። እሱም ካልሆነ በዕቃ ይከልሉት፦ ክዳን፣ አየር የሚስብ ፋን፣ ኮንታክተር፣ ከታንኩ ሥር የፈሰሰውን የሚይዝ ገንዳ። ከዚያ የአሠራር ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ሠራተኛው የሚያነበው ሌላ ቋንቋ ከሆነ በዚያ። መነጽርና ጓንት የሚመጡት ሁሉንም ሾልኮ ለሚያልፈው ነው። ጓንት ይቀደዳል፤ ማስክ በሙቀት ጊዜ አገጭ ላይ ይወርዳል።

ሶዳ ዓይን ውስጥ ከገባ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ማድረግ የለም። በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል ለዚህ ብቻ የሚሆን ክዳን ያለው ንጹሕ በርሜል፣ ታችኛው ላይ ቧንቧ ያለው፣ ታንኩ አጠገብ ይቀመጥ።

የመከላከያው ብዛትስ ይበቃል?

ብዛቱ ሳይሆን የሚሠራ መሆኑ ነው ነገሩ። በሕንድ ቦፓል ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1984 ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ሌሊት መርዛማ ጋዝ አመለጠ። ፋብሪካው መከላከያ አልጎደለውም፦ ማቀዝቀዣ ነበረው፣ ጋዝ የሚያጥብ መሣሪያ ነበረው፣ ያመለጠውን የሚያቃጥል ችቦ ነበረው። ማቀዝቀዣው ወጪ ለመቆጠብ ተዘግቷል። ማጠቢያው ዝግጁ አልነበረም። የችቦው ቧንቧ ለጥገና ተፈትቷል። ጋዙ እንቅልፍ ላይ የነበረውን ሰፈር ሸፈነው፤ ሺዎች አለቁ።

ስለዚህ የእሳት ማጥፊያዎ ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ነው? የሚስበው ፋን ይስባል ወይስ ይጮኻል ብቻ? ሴፍቲ ቫልቩ መቼ ተፈተሸ? በወር አንድ ቀን ይህን የሚያይ፣ ስሙ የታወቀ ሰው ይመድቡ።

«ለጊዜው ነው» የሚባለው ነገር

ጥናቱ አንዴ ተሠርቶ አያልቅም። አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር አምስቱ ጥያቄዎች እንደገና ይነሣሉ። ዕቃ አቅራቢው ተቀይሮ የአሲዱ ጥንካሬ ሌላ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በተለይ «ለጊዜው ይሁን፣ ነገ እናስተካክላለን» የሚለውን ይፍሩ።

እንግሊዝ ውስጥ ፍሊክስቦሮ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1974 ከስድስት ተከታታይ ታንኮች አምስተኛው ተሰነጠቀ። ምርት እንዳይቆም እሱን አንሥተው አራተኛውንና ስድስተኛውን በጊዜያዊ ቧንቧ አገናኙ። የቧንቧው ንድፍ የተሳለው በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ነበር። ግፊቱን ይችል እንደሆነ በስሌት ያረጋገጠ አልነበረም። ሰኔ 1 ቀን ቧንቧው ተነቀለ፤ የወጣው ጋዝ ፈነዳ። 28 ሰዎች ሞቱ። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆን የሟቾቹ ቁጥር ብዙ ይሆን ነበር። በሥራው ላይ የነበሩት ሰነፎች አልነበሩም፤ ቸኩለው ነበር።

ታንክ ውስጥ መግባት

ስለ አንድ ሥራ ብቻ ጠበቅ ላድርግ፦ ታንክ፣ ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ገብቶ ማጽዳት። በጠባብ ቦታ ውስጥ የሚተነፈስ አየር ላይኖር ይችላል። በቢራ መጥመቂያ ጋን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተኛል። በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ፤ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። መጀመሪያ የገባው ይወድቃል። ሁለተኛው ሊያወጣው ይገባል፤ እሱም ይወድቃል።

አየሩ ሳይለካና በፋን ሳይናፈስ ማንም አይገባም። የገባው በገመድ ይታሰራል። ውጭ የሚቆም ሰው አይንቀሳቀስም፤ ራሱም ተከትሎ አይገባም። ማብሪያና ቫልቭ በቁልፍ ተቆልፎ ቁልፉ የሚገባው ሰው ኪስ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተጽፎ የሚፈረምበት ሰነድ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ይባላል። በሰሜን ባሕር የነበረው ፓይፐር አልፋ የነዳጅ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቃጠለው ለጥገና ቫልቩ የተፈታን ፓምፕ የማታው ፈረቃ ሳያውቅ ስላስነሣው ነው። 167 ሰዎች ሞቱ። ወረቀቱ ተጽፎ ነበር፤ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ አልተላለፈም።

ይህ ሁሉ ስንት ያስወጣል?

ለአነስተኛ ወርክሾፕ ዋናው ወጪ ጊዜ ነው። ለአንድ ታንክ አራት አምስት ሰው ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ይበቃል። ያ ማለት የግማሽ ቀን ምርት ይቀራል። ለትልቅ ፋብሪካ ሐዞፕ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የሚመራው ልምድ ያለው መሐንዲስም ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ይለያያል። ምልክትና ገመድ ምንም አይደሉም፤ ኮንታክተርና ገንዳ መካከለኛ ናቸው፤ የቦይለር ምርመራና የጋዝ መለኪያ ከበድ ይላሉ።

አለማድረጉስ ስንት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መልሱን ይሰጣል። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሕክምና ወጪ የአሠሪው ነው። ከሥራ ውጭ ሆኖ ሲታከም እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የወር ደመወዙ 10,000 ብር ለሆነ ሰው ይህ 82,500 ብር ይመጣል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የአምስት ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ለዚያው ሰው 600,000 ብር። የተቃጠለው ዕቃ፣ የቆመው ምርት፣ የጎረቤት ካሳ እዚህ ውስጥ የሉም። የጠፋ ዓይን ደግሞ በብር አይመለስም።

ሕጉ ምን ያስገድዳል?

አዋጁ በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን አደጋና መከላከያውን እንዲያሳውቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ፣ የሥራ አደጋን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። መነጽሩን ከደመወዝ መቁረጥ የለም። ሠራተኛውም ግዴታ አለበት፦ ጉድለት ሲያይ መናገር፣ የተሰጠውን መጠቀም፣ የደኅንነት መሣሪያን አለመንቀል። አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሕግ አልጎደለንም፤ የሚጎድለው መጋዘን ገብቶ ጀሪካኑን የሚያነሣ ነው።

አጠገቡ የምኖር ሰውስ?

መጠየቅ ይችላሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ከፋብሪካው ጋር ጠብ ሳይፈጥሩ ሁለት ነገር ይወቁ፦ ምን ያከማቻሉ? ችግር ቢፈጠር ለጎረቤት በምን ያሳውቃሉ? መልስ ካጡ ወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የሚቆጠቁጥ የበረኪና ሽታ ድንገት ከበረታ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በጎን ዞረው ይሂዱ፤ ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ምድር ቤትና ቦይ ውስጥ ይተኛል። የቡታጋዝ ሽታ ከሆነ እሱም ይከብዳልና መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ መብራት አያብሩም፣ አያጥፉም፤ ስልክም ከራቁ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቁጥር 939 ነው። ሲደውሉ ቦታውን በሚታወቅ ምልክት ይናገሩ፤ ወዲያው የሚቃጠለው ወይም የፈሰሰው ነገር ምን እንደሆነ ይንገሯቸው። የነዳጅና የቀለም ማቅጠኛ እሳት በአረፋ እንጂ በውሃ አይጠፋምና ምን ይዘው እንደሚመጡ የሚወስነው ያ ስም ነው።